ፍሪጁ ከኦቨኑ ምን ያህል ይራቅ? የወጥ ቤት የኤሌክትሪክ ዕቃዎችን ከሙቀት አጠገብ የማስቀመጥ መመሪያ

በባሕር ዳር ኮንዶሚኒየም የሚኖሩም ሆኑ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላምና በሞጣ አዲስ ወጥ ቤት የሚያሠሩ ሰዎች ደጋግመው የሚያቀርቡልኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ቦታው ጠባብ ስለሆነ ፍሪጁን ከኦቨኑ ጎን ላደርገው ነው፤ ችግር ይኖረው ይሆን?» ጠያቂዎቹ የሚጠብቁት በሴንቲ ሜትር የተቆረጠ አንድ ቁጥር ነው። ቁጥሩን ከታች አስቀምጫለሁ፤ ነገር ግን ሁለት ኦቨኖች በመልክ ቢመሳሰሉም ሙቀታቸውን የሚያወጡበት አቅጣጫ ስለሚለያይ፣ ቁጥሩ ብቻውን ዕቃዎን አያድንም። ስለዚህ በዚህ መመሪያ ኦቨኑ ቀዝቅዞ ሳለ ለክተው ዕቃ እንዲደረድሩ ሳይሆን፣ ኦቨኑን አግለው ሙቀቱ በየት በኩል እንደሚወጣ ካዩ በኋላ ቦታ እንዲመርጡ አስረዳለሁ።

«ኦቨን» ስል ከላይ ስቶቭ ያለውን ባለ እግር ኦቨንም፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን ትንሹን ኦቨንም ማለቴ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድም በአብዛኛው ቤት ከኦቨን ይልቅ በብዛት የሚሠራበትና የበለጠ ኃይል የሚወስድ በመሆኑ፣ ደንቡ የሚለይበትን ቦታ እየጠቀስሁ አብሬ አስኬደዋለሁ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

• ሜትር፣ እርሳስና ውሃ ልክ።
• ከርቀት የሚለካ የሙቀት መለኪያ (ኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር)፣ እንዲሁም የክፍል ሙቀት የሚለካ ተራ ቴርሞሜትር። ሁለቱን ማግኘት ካልቻሉ ተራው ብቻ ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል።
• የወረቀት ፕላስተር።
• ቀጭን የሶፍት ቁራጭና ረዘም ያለ የእንጨት ማንኪያ።
• የሙቀት መከለያ መሥራት ግድ ከሆነ፦ ላሜራ፣ ፊሸርና ብሎን፣ 2.5 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸው የብረት ቧንቧ ቁራጮች።
• የዕቃዎቹ መመሪያ ደብተሮች፣ ወይም ቢያንስ በጀርባቸው ወይም በበራቸው ውስጥ የተለጠፈው ጽሑፍ።

የኤሌክትሪክ መስመር የመዘርጋቱን ሥራ በዚህ ዝርዝር ያላካተትሁት የባለሙያ ሥራ ስለሆነ ነው፤ ባለሙያውን ምን እንደሚጠይቁት ግን በተራ ቁጥር 7 ያገኙታል።

አሠራሩ

1. ከዕቃዎቹ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ።

መመሪያ ደብተሩ ካለ «ዙሪያውን የሚተው ክፍተት» የሚለውን ገጽ ይፈልጉ፤ ፋብሪካው የሰጠው ቁጥር እዚህ ከምሰጠው ከበለጠ የፋብሪካው ይጸናል። በፍሪጁ ውስጥ ከተለጠፈው ጽሑፍ ላይ ደግሞ የአየር ንብረት ደረጃውን የሚያመለክት የላቲን ፊደል ይፈልጉ። «ኤን» የሚለው ፍሪጁ ከ16 እስከ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ «ኤስቲ» የሚለው ከ16 እስከ 38፣ «ቲ» የሚለው ከ16 እስከ 43 ዲግሪ ባለው ክፍል ውስጥ እንዲሠራ የተሠራ መሆኑን ያመለክታል፤ «ኤስኤን» የሚለው ዝቅተኛውን ወደ 10 ዲግሪ ያወርደዋል። ይህ ፊደል የሚጠቅምዎ በመጨረሻው ፍተሻ ላይ ነው፤ ከፍሪጁ ጎን ያለው አየር ከዚህ ጣሪያ ካለፈ ፍሪጁ ማቀዝቀዝ እያቃተው ያለ ዕረፍት ይሠራል።

ስለ ከፍታም አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ የቤት ዕቃ መመሪያዎች ዕቃው እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ድረስ እንዲሠራ የታሰበ መሆኑን ይገልጻሉ። ባሕር ዳር በ1,800 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ከዚህ ወሰን በታች ናት፤ ደብረ ማርቆስ ግን ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ወደ ሦስት አራተኛ ይወርዳል። የሳሳ አየር ሙቀትን አንሥቶ የመውሰድ አቅሙም አነስተኛ ነው። ስለዚህ በደጋው የምትኖሩ ሰዎች «አገሩ ብርድ ስለሆነ ክፍተቱ ቢጠብም ግድ የለም» ከማለት ይልቅ፣ በመመሪያው የተሰጠውን ክፍተት የመጨረሻው ዝቅተኛ ልክ አድርጋችሁ ብትወስዱት ይሻላል።

2. ኦቨኑ ሙቀት የሚያወጣበትን ቦታ ይፈልጉ።

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው ደረጃ ይህ ነው። ኦቨኑን ለብቻው፣ ዙሪያውን ባዶ አድርገው፣ ውስጡ ምንም ሳይኖር በ200 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ያግሉት። አዲስ ከሆነ የፋብሪካ ቅባት ስለሚጨስ መስኮት ይክፈቱ። ከዚያ ሙቀቱ በሦስት መንገድ ሲወጣ ያያሉ።

የመጀመሪያው መንገድ የኦቨኑ ጎንና ጀርባ ነው። ትልቁ ኦቨን በቆርቆሮው ውስጥ የሙቀት መከላከያ ጥጥ ስላለው ጎኑ ለብ ከማለት ያለፈ ላይሞቅ ይችላል፤ ትንሹ የጠረጴዛ ኦቨን ግን ብዙውን ጊዜ ይህ መከላከያ ስለሌለው ጎኑና አናቱ እጅ የሚያቃጥል ይሆናል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ትንሽ በመሆኑ አደጋውም ትንሽ ይመስለዋልና።

ሁለተኛው የአየር ማስወጫው ነው። ስቶቭ ያለው ኦቨን ብዙ ጊዜ ከኋላ፣ ከስቶቩ ጠርዝ ሥር ባለ ክፍተት ያስተነፍሳል፤ በካቢኔ ውስጥ የሚገጠመው ከበሩ በላይ ወደ ፊት ያስወጣል፤ ትንሹ ደግሞ በጎኑ ወይም በጀርባው ባሉ ሽንቁሮች። ሶፍቱን በማንኪያው ጫፍ አሥረው፣ ከብረቱ ጋር ሳያነካኩ፣ በዙሪያው ቀስ ብለው ያዙሩት፤ ሶፍቱ የሚርገበገብበት ቦታ ማስወጫው ነው። ቦታውን በእርሳስ ግድግዳው ላይ ምልክት ያድርጉበት። ምንም ዕቃ፣ ምንም ገመድ በዚህ መስመር ላይ መዋል የለበትም።

ሦስተኛው በሩ ነው። በሩ ሲከፈት የሚወጣው የጋለ አየር ለጥቂት ሰከንድ ቢሆንም በአንድ ጊዜ ተጠራቅሞ ወደ ላይ ስለሚነሣ፣ ከኦቨኑ በላይ የተሰቀለን የፕላስቲክ ዕቃ ቀስ በቀስ ያጣምማል። ድፎ ዳቦ ሲጋገር በሩ ለማየት ደጋግሞ የሚከፈት መሆኑን እዚህ ላይ ያስቡ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ በር ስለሌለው የዚህ ተራ የሚወድቀው በአክንባሎው ላይ ነው፤ አክንባሎው በተነሣ ቁጥር የሚወጣው እንፋሎት እርጥበትም ሙቀትም ይዞ ስለሚወጣ፣ ከበላዩ ላለ ሶኬትና ማይክሮዌቭ ከደረቅ ሙቀት የከፋ ነው።

በኢንፍራሬድ የሚለኩ ከሆነ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ የሚያብረቀርቅ ብረት የሌላውን ዕቃ ሙቀት ስለሚያንጸባርቅ መለኪያው ከእውነተኛው ያነሰ ቁጥር ያሳያል። የወረቀት ፕላስተር ቁራጭ ብረቱ ላይ ለጥፈው ሁለት ደቂቃ ከጠበቁ በኋላ ፕላስተሩ ላይ አነጣጥረው ይለኩ።

3. ክፍተቶቹን ወለሉና ግድግዳው ላይ ይሥመሩ።

መመሪያ ደብተር ለሌለው ዕቃ የሚከተሉትን ልኮች ይጠቀሙ።

• ፍሪጅ ከኦቨን ወይም ከስቶቭ፦ 30 ሴንቲ ሜትር። ኦቨኑ የኤሌክትሪክ ከሆነና በመካከሉ በተራ ቁጥር 6 የተገለጸው መከለያ ካለ፣ ከመከለያው እስከ ፍሪጁ ጎን ከ5 ሴንቲ ሜትር እንዳያንስ።
• ማይክሮዌቭ፦ በጎንና በጀርባ 10፣ በአናቱ 20 ሴንቲ ሜትር ለራሱ አየር፤ ከኦቨኑ ማስወጫ መስመር ፈጽሞ ውጪ።
• ትንሽ የጠረጴዛ ኦቨን፦ በጎንና በጀርባ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር፣ አናቱ ላይ ምንም ነገር የሌለበት።
• ከስቶቭ በላይ ያለ የችፑድ ወይም የኤምዲኤፍ ካቢኔ፦ ቢያንስ 75 ሴንቲ ሜትር ከፍታ።
• የቡታጋዝ ሲሊንደር፦ ከማንኛውም ሙቀት 1.5 ሜትር።
• የኤሌክትሪክ ምጣድ፦ ከሚቃጠል ነገር ሁሉ 60 ሴንቲ ሜትር። ይህ የመጨረሻው የፋብሪካ ቁጥር ሳይሆን እኔ የምሠራበት ልክ ነው፤ አክንባሎውን አንሥቶ ወደ ጎን ለማሳረፍና ጋጋሪዋም ክንዷን ዘርግታ ለማሰስ ከዚህ ያነሰ ቦታ አይበቃም።

መስመሩን ሲያሠምሩ የበሮቹን አከፋፈትም አብረው ይሣሉ። የፍሪጁ በር ሲከፈት ከተከፈተው የኦቨን በር ጋር የሚጋጭ ከሆነ፣ ክፍተቱ ቢበቃም ቦታው አይሆንም፤ የጋለ ትሪ የያዘ ሰው መንገዱ የሚዘጋበት እዚያ ላይ ነው።

4. ፍሪጁን ያስቀምጡ።

በአሁኑ ጊዜ የሚመጡ ብዙ ፍሪጆች ከውስጥ ያወጡትን ሙቀት የሚያስወግዱበት ቧንቧ በጎናቸው ቆርቆሮ ውስጥ የተቀበረ ነው። ጎኑ የሚሞቀው ተበላሽቶ አይደለም፤ ሥራው ነው። እንግዲህ ያ ጎን ከጋለ ኦቨን ጋር ሲተያይ፣ ፍሪጁ ሙቀቱን ማስወገድ ሲገባው ጭራሽ ይቀበላል፤ ኮምፕረሰሩ ረጅም ሰዓት ይሠራል፣ ቆጣሪው ይጨምራል፣ የበሩ ጎማም እየደረቀ ቀዝቃዛ አየር ያሳልፋል። ፍሪጁ ሥጋና ወተት ስለሚያበላሽ ተበላሽቷል ተብሎ ጋዝ ሲሞላለት፣ መድኃኒቱ ግን ከኦቨኑ ማራቅ ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ከተቻለ በፍሪጁና በኦቨኑ መካከል የዕቃ ማጠቢያውን ወይም አንድ ካቢኔ ያስገቡ። ካልተቻለ ፍሪጁን ወደ ማእዘኑ፣ ኦቨኑን ወደ መስኮቱ ወይም ወደ በሩ ያድርጉ፤ ሁለቱን በአንድ ማእዘን ውስጥ ካስገቧቸው ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ከፍሪጁ ጀርባ 5 ሴንቲ ሜትር ይተው፣ በውሃ ልክም አስተካክለው ያቁሙት። ሲያጓጉዙት አጋድመውት ከነበረ የኮምፕረሰሩ ዘይት ወደ ቦታው እንዲመለስ ቆሞ ጥቂት ሰዓታት ሳይቆይ አይሰኩት።

የፍሪጁ ስታቢላይዘርም ቦታ ይፈልጋል። ራሱ ሙቀት የሚያመነጭ ዕቃ ስለሆነ በኦቨኑና በፍሪጁ መካከል ባለችው ስንጥቅ ውስጥ አይወተፍም፤ ከኦቨኑ ተቃራኒ በሆነው ጎን፣ ግድግዳ ላይ ከፍ ተደርጎ ይሰቀል።

5. ትናንሾቹን ዕቃዎች ይደርድሩ።

ማይክሮዌቭ ራሱን የሚያቀዘቅዘው ከውጭ አየር በሚስብ ማራገቢያ ነው፤ የሚስበው አየር የጋለ ከሆነ መሥራት አቋርጦ ይቆማል፣ ሲደጋገምም ይበላሻል። ብሌንደርና ቡና መፍጫ ሲሠሩ ሞተራቸው ስለሚሞቅ፣ የውሃ ማፍያ ደግሞ ገመዱ ወደ ኦቨኑ በር ስለሚንጠለጠል፣ ሁሉንም ከኦቨኑ አንድ ክንድ ያህል ርቆ ባለ ጠረጴዛ ላይ ያድርጓቸው። ገመዳቸው ከጠረጴዛው ጠርዝ ወደ ታች እንዳይወርድ፤ ልጅ ይጎትተዋል፣ ወይም የኦቨኑ በር ይነክሰዋል።

ኤሌክትሪክ ያልሆኑትም ይታሰቡ። የዘይት ጀሪካን፣ የበርበሬና የሽሮ ፕላስቲክ ዕቃ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሰፌድና ሌማት፣ በተለይ ደግሞ በጎመንዘር ዘይት የራሰው የምጣድ ማሰሻ ጨርቅ፣ ሁሉም በቀላሉ የሚቀጣጠሉ ናቸው። ማሰሻው ለእጅ እንዲቀርብ ከምጣዱ ጠርዝ ላይ ትቶ መሄድ የተለመደ ነው፤ ክዳን ያለው የቆርቆሮ ዕቃ ያዘጋጁለት።

6. ቦታው ካልበቃ የሙቀት መከለያ ይሥሩ።

መከለያው የሚሠራው በላሜራውና በሚጠብቀው ነገር መካከል አየር ስለሚመላለስ ነው። ላሜራውን በቀጥታ ከችፑዱ ወይም ከግድግዳው ጋር ቢመቱት ብረቱ ራሱ ግሎ ሙቀቱን ያስተላልፋል፣ ድካምዎም ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ በየብሎኑ ላይ 2.5 ሴንቲ ሜትር የቧንቧ ቁራጭ አስገብተው ላሜራውን ከግድግዳው ያርቁት፣ ከላይና ከታችም ክፍት ይተዉት፤ ቀዝቃዛ አየር ከታች ገብቶ የሞቀው ከላይ እንዲወጣ ነው። ቁራጮቹ እንጨት ወይም ፕላስቲክ መሆን የለባቸውም። በኦቨኑና በፍሪጁ መካከል ከሆነ ላሜራውን በብረት እግር ያቁሙት እንጂ ከሁለቱም ጋር አያጣብቁት፤ ከፍታው ከኦቨኑ አናት በላይ ይለፍ።

በባሕር ዛፍ ማገር የቆመ የጭቃ ቤት ከሆነ ልስኑ የተሰነጠቀበት ቦታ እንጨቱን ስለሚያጋልጥ መጀመሪያ ልስኑን ይጠግኑ። ኮርኒሱ ከማዳበሪያ ጆንያ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ከኦቨኑና ከምጣዱ በላይ ያለውን ክፍል አንሥተው በላሜራ ወይም በሌላ በማይቃጠል ነገር ይተኩት። ጆንያው የሚሠራበት ፕላስቲክ በ160 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ እሳት ሲይዘውም እየነደደ ይንጠባጠባል።

አሮጌ የአስቤስቶስ ቆርቆሮ «እሳት አይበላውም» ተብሎ ለመከለያ ሲቆረጥ ይታያል። አይቁረጡት፤ ብናኙ ሳንባን ይጎዳል።

7. የኤሌክትሪክ መስመሩን ያስፈትሹ።

አንድ 3,500 ዋት የኤሌክትሪክ ምጣድ በ220 ቮልት ሲሠራ ወደ 16 አምፔር ይስባል። 2,000 ዋት ኦቨን 9 አምፔር ይጨምርበታል። ሁለቱ በአንድ መስመር ላይ ከሆኑ 25 አምፔር ማለት ነው፤ ለፍሪጁና ለመብራቱ ገና ምንም አልታሰበም። ቤቱ ውስጥ ያለው ተራ ሶኬት 16 አምፔር የሚችል ቢሆን እንኳ ምጣዱ ብቻውን ጣሪያው ላይ ያደርሰዋል። የዓመት በዓል ዋዜማ ላይ ሰፈሩ ሁሉ ሲጋግር ቮልቴጁ ሲወርድ ደግሞ የፍሪጁ ኮምፕረሰር ለመነሣት ይቸገራል፤ ከምጣዱ ጋር አንድ መስመር የሚጋራ ከሆነ ችግሩ ይብሳል።

ባለሙያውን የሚከተሉትን ይጠይቁት፦ ለምጣዱ ከቆጣሪው ሳጥን ጀምሮ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር እንዲኖረው፤ ሽቦው ከ2.5 ይልቅ ባለ 4 ካሬ እንዲሆን፤ ፍሪጁ በሌላ መስመር እንዲሆን፤ የመሬት ሽቦ (ግራውንድ) በእርግጥ እንዲገናኝ፤ ኤሌክትሪክ ወደ ዕቃው አካል ወይም ወደ መሬት ሲያፈስ በራሱ የሚቆርጥ ባለ 30 ሚሊአምፔር ብሬከርም እንዲገጠም።

የመሬት ሽቦውን ነገር አጥብቄ የምናገረው ከአቀማመጡ ጋር በቀጥታ ስለሚገናኝ ነው። «ምጣዱ ይነዝረኛል» የሚል ሰው በየቤቱ አለ። የሚነዝር ምጣድና የፍሪጅ እጀታ በአንድ ጊዜ በሁለት እጅ የሚያዙበት ቅርበት ላይ ከሆኑ፣ ኤሌክትሪኩ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው የሚያልፈው በደረት በኩል ነው። መስመሩ እስኪስተካከል ድረስ ሁለቱን ሁለት ሜትር ያህል ያራርቋቸው፤ የሚነዝረው ምጣድ ግን እስኪጠገን ድረስ መሰካት የለበትም።

የገመዱ መንገድም ይታይ። የተለመደው የገመድ ልባስ እስከ 70 ዲግሪ ድረስ ነው የሚችለው። ስለዚህ ሶኬቱ ከኦቨኑ ጀርባ ሳይሆን ከጎኑ፣ ከስቶቩ ጠርዝ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ይሁን። እንዲህ ሲሆን እሳት ቢነሣ እንኳ እጅዎን በነበልባሉ ላይ ሳያሳልፉ ሊነቅሉት ይችላሉ።

8. የቡታጋዝ ሲሊንደሩን ለብቻው ያስቡ።

ስቶቩ በጋዝ የሚሠራ ከሆነ ሲሊንደሩ ቀጥ ብሎ የሚቆምበት፣ አየር የሚያገኝ ቦታ ይስጡት፤ ከተቻለ ከግድግዳው ውጪ ይሁን። የቡታጋዝ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ ወለል ላይ ይጠራቀማል፤ የፍሪጁ ኮምፕረሰር ሲነሣና የኦቨኑ ቴርሞስታት ሲቆርጥ የሚፈጥሩት ብልጭታ ሊያቀጣጥለው ይችላል። ጎማው ከኦቨኑ ጀርባ ወይም ከማስወጫው ፊት እንዳያልፍ፤ በላዩ የታተመው ጊዜ ካለፈ ወይም ሲታጠፍ ስንጥቅ ካሳየ ይቀየር። ጋዝ ከሸተተ መብራት አያብሩም፣ አያጥፉም፤ ሲሊንደሩን ዘግተው በርና መስኮት ይክፈቱ።

9. ሁሉንም በቦታው አድርገው ለአንድ ሰዓት አግለው ይፈትሹ።

አንድ ድፎ ዳቦ ለመብሰል አንድ ሰዓት ገደማ ስለሚወስድ ፍተሻው ከዚያ ማነስ የለበትም። ኦቨኑን በ200 ዲግሪ ያብሩት፤ ተራውን ቴርሞሜትር በፍሪጁና በኦቨኑ መካከል፣ ከፍሪጁ ጎን ትንሽ ራቅ አድርገው ይስቀሉት። ኦቨኑ ከጠፋ በኋላም ሙቀቱ ለጥቂት ጊዜ ወደ ጎን መውጣቱን ስለሚቀጥል ከጠፋ 15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ያንብቡ።

የሚጠብቁት ውጤት ይህ ነው፦ በፍሪጁ ጎን ያለው አየር በተራ ቁጥር 1 ካገኙት ጣሪያ በታች፤ የካቢኔው ጠርዝ ከ60 ዲግሪ በታች፤ ገመድና ሶኬት ከ50 ዲግሪ በታች። መለኪያ ከሌለዎ የካቢኔውን ጎን በመዳፍዎ ይንኩት፤ እጅዎን አሳርፈው መቆየት ካልቻሉ ቅርብ ነው ማለት ነው። ሶኬቱንና ገመዱን ግን በእጅ አይፈትሹ፤ ኦቨኑን አጥፍተው ሶኬቱን ከነቀሉ በኋላ ብቻ የመሰኪያውን ጀርባ ይንኩ። ከልኩ ካለፈ ወደ ተራ ቁጥር 3 ተመልሰው ክፍተቱን ይጨምሩ ወይም መከለያውን ይሥሩ። ወደ ዓባይ ሸለቆ ወረድ ባሉ ቆላማ ቦታዎች የምትኖሩ ይህን ፍተሻ በሚያዝያ ወይም በግንቦት፣ ሙቀቱ በሚበረታበት ሰዓት ድገሙት።

ማስጠንቀቂያዎች

መብራት ሲጠፋ የኦቨኑንና የምጣዱን ማዞሪያ ወደ ዜሮ መልሰው ሶኬቱን ይንቀሉ። ማዞሪያው እንደ በራ ከተረሳ፣ መብራቱ ሰው በሌለበት ሲመለስ ኦቨኑም አብሮ ይነሣል፤ በዚያን ሰዓት አናቱ ላይ ሌማት ወይም ጨርቅ ተቀምጦ ከሆነ ቃጠሎው የሚጀምረው ከዚያ ነው።

መብራት በጠፋ ጊዜ የከሰል ምድጃ ከኦቨኑ አናት ላይ ወይም ከፍሪጁ አጠገብ አያስቀምጡ። ፍሪጁን ከመጉዳቱ ይልቅ የሚብሰው በተዘጋ ወጥ ቤት ውስጥ ከሰሉ የሚያወጣው፣ ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ነው።

ኦቨኑ ውስጥ እሳት ከተነሣ በሩን አይክፈቱ፤ ከብሬከሩ ያጥፉና እሳቱ አየር አጥቶ እስኪጠፋ ይጠብቁ። በኤሌክትሪክ ዕቃና በሚነድ ዘይት ላይ ውሃ አይረጭም።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስህተቶች

ትንሹን ኦቨን ፍሪጅ አናት ላይ መስቀል። ቦታ ለመቆጠብ ሲባል በየቤቱ የማየው ነው። የፍሪጁ ክዳን በሙቀት ይጣመማል፣ ኦቨኑም በፍሪጁ በር መከፈትና መዘጋት እየተንቀሳቀሰ ወደ ጠርዙ ይመጣል።

ኦቨኑን በዳንቴል ማልበስ። ለጌጥ የተደረገው ዳንቴል የአየር ማስወጫውን ይሸፍናል። ኦቨኑ ሳይሠራ አቧራ እንዳይነካው ከሆነ ይልበስ፤ ከመብራቱ በፊት ግን ተነሥቶ ከቦታው ይራቅ። ለፍሪጁም ቢሆን ዳንቴሉ ከአናቱ አልፎ ወደ ጎኑ እንዳይወርድ።

በፍሪጁ ጎን ፎይል ወይም ፎም መለጠፍ። ከኦቨኑ የሚመጣውን ሙቀት ይመልሳል በሚል የሚደረግ ነው፤ ነገር ግን ፎሙ የፍሪጁን የራሱን ሙቀት ከውስጥ ይይዘዋል። መከለያ ከተፈለገ ራሱን ችሎ የቆመ ላሜራ ነው።

ምጣዱን፣ ኦቨኑንና ፍሪጁን በአንድ ዲቫይደር መሰካት። ዲቫይደሩ ወዲያው ላይቃጠል ይችላል፤ መጀመሪያ የሶኬቱ ዙሪያ ቡናማ እየሆነ ይሄዳል፣ ቀጥሎ የፕላስቲክ ሽታ ይመጣል። ቀለሙ የተለወጠ ሶኬት ካዩ ከውስጥ ያለው ብረት ላልቷልና በዚያው ቀን ያስቀይሩት፤ መሰኪያውም ጫፉ የጠቆረ ከሆነ አዲሱን ሶኬት እንደገና ስለሚያቃጥለው አብሮ ይቀየር።

ምጣዱን በፕላስቲክ ወይም በእንጨት ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ። የምጣዱ ሥርም እንደ ፊቱ ባይሆን ይግላል፤ በዚያ ላይ ከቡሃቃው የሚንጠባጠበው ሊጥ ወደ ገመዱ መግቢያ ይወርዳል። የብረት መቆሚያ ያሠሩለት፤ ሊጡም ከገመዱ በተቃራኒ ጎን ይቀመጥ።